በግራ በኩል የቀሩት አሥር ስኒዎች

የሻይ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ቴሬር ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ የተገኘው ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ያገኘችው ስኒ አጣቢዋ ማማ ራኤል ናት። ቁርሱን ይዛ ገብታ፣ «አለቃ፣ በጠዋት እንቅልፍ?» ብላ ትከሻውን ነካ ብታደርገው እጇን ደም ነካው። አልጮኸችም። ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ፣ በሩን ዘግታ፣ ማሽኖቹ ወዳሉበት አዳራሽ ወጣችና «ሰው ጥሩ፤ አለቃ ሞቷል» አለች። ሃያ ዓመት ስኒ ያጠበች ሴት እንዲህ በቀላሉ ትሪ አትጥልም።

ፖሊስ ጣቢያ ስልኩን ያነሳችው ኢንስፔክተር ሲዮምቡዋ ነበረች። ቅዳሜንና እሁድን ቁልቁለት ላይ ከተገለበጠ አውቶቡስ የወጣ ሬሳ ስታስለይ ያሳለፈች፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናት። የተነገራትን ሰምታ ስትጨርስ ዓይኗን ጨፈነች። «በዚህ አገር ሌላ መርማሪ የለም እንዴ?» አለች ለራሷ። ከዚያ ኮቷን አነሳች።

በእኛ በኬሪቾ፣ በሻይ አገራችን፣ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ነው ልማዱ። ያን ቀን ግን ሲነጋ ጀምሮ አላቆመም፤ ኮረብታው ላይ እስክትደርስ መኪናዋ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ ገባ። ፋብሪካው በር ላይ ሃምሳ አለቃ ኦቦንዮ ፈገግ ብሎ ጠበቃት።

«ማዳም፣ አይድከሙ፤ ነገሩ አልቋል። ገዳዩን ይዘነዋል።»

«ማነው?»

«ምዜ ማሪቲም፣ ሽማግሌው።»

ሲዮምቡዋ የጃንጥላዋን ውኃ ማራገፏን ተወች። ማሪቲም ዋናው ሻይ ቀማሽ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ይህ ፋብሪካ ያወጣው ሻይ ሁሉ በሱ ምላስና በሱ አፍንጫ አልፏል። ሞምባሳ ያሉት ሻይ ገዢዎች እንኳ «ማሪቲም ምን አለ?» ሳይሉ አፋቸውን አይከፍቱም። ከእኛ መሃል ሚስቱን የሚጠራጠር ሞልቷል፤ የማሪቲምን አፍንጫ የሚጠራጠር ግን አልነበረም።

«የት አገኛችሁት?» አለች።

«ጆንያ መጋዘን ውስጥ። ከውስጥ ቆልፎ፣ በጨለማ፣ እርጥብ ጨርቅ ዓይኑ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ባልዲ ሙሉ አስመልሶታል። ሰው ገድሎ እንቅልፍ! ኧረ ጉድ ነው!»

«ምን አለ?»

«‹መብራቱን አጥፉልኝ› ብቻ። ሌላ ቃል የለም። ወደ ጣቢያ ልከነዋል።»

የቴሬር ቢሮ ሁለት በር አለው፤ አንዱ ወደ ቅምሻው ክፍል፣ ሌላው ወደ ጓሮ። ከቅምሻው ክፍል ሲገባ ጠረጴዛው ፊት ለፊት ነው፤ በስተግራ ትልቅ የፋይል ቁም ሣጥን አለ። ቴሬር የተመታው ከኋላው፣ በናሙና ሚዛኑ ባለ ሁለት ኪሎ ብረት ነው። ብረቱ ተጠርጎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ማማ ራኤል ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ውኃ ስታቀርብለት ደህና እንደነበረ ተናግራለች። እስክሪብቶው ክዳኑ ተከፍቶ እጁ ስር ተገኘ፤ የጻፈበት ወረቀት ግን የለም። ሲዮምቡዋ ይህንን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የማሽን ክፍሉን ኃላፊ ቶኑይን ነው። አርባ ዓመት የሞላው፣ ግድንግድ፣ ሲናገር ሰው ፊት ላይ ትክ ብሎ የሚያይ ሰው ነው። ቃሉን ከአንድ ሰዓት በፊት ለኦቦንዮ ሰጥቶ ፈርሞበታል።

«ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ማድረቂያው ጋ ነበርኩ» አለ። «የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። ወዲያው ገባኝ፤ የማራገቢያው ቺንጋ ነው አልኩ። ከወለሉ ስር ወዳለችው ክፍል ወረድኩ። እውነትም ቺንጋው ይጨሳል። ውኃ ደፋሁበት፣ በሌላ ቀየርኩት። ይኸው አሮጌው።»

ጥቁር፣ ዳር ዳሩ ያረረ ቺንጋ ኦቦንዮ እጅ ላይ ነበር።

«ያየህ ሰው አለ?»

«እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ማን ያየኛል፣ ማዳም? ማማ ራኤል ስወጣ ጓሮ ቧንቧው ጋ እጄን ስታጠብ አይታኛለች። ጥቀርሻ ነበረበት።»

ማማ ራኤል ይህንኑ አረጋገጠች፤ ለአራት ሩብ ጉዳይ ገደማ ነበር አለች። የሰኞውን ነገር ትታ ግን ያለማቋረጥ የምትመለሰው ወደ ዓርብ ነው።

«ዓርብ ተጣልተው ነበር፣ ማዳም። አለቃና ምዜው። አለቃ፣ ‹ሦስት ጊዜ ደህና ሻይ የተቃጠለ ይሸታል ብለው ጣሉብኝ። አፍንጫዎ አርጅቷል፤ ሰኞ እንነጋገራለን› አላቸው። እንዲህ ተብሎ ይነገራል? ለማሪቲም? እኔ እንኳ አፈርኩ።»

«ምዜውስ ምን መለሱ?»

«ምንም። ወጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። አሳዘኑኝ!» አለችና በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «አልገደሉም፣ ማዳም። እሳቸው ዝንብ ስኒ ውስጥ ስትገባ አውጥተው የሚለቁ ሰው ናቸው።»

የቅምሻው ክፍል ረጅም፣ ነጭ፣ ብርሃን የሞላበት ነው። ኢንስፔክተሯ ልትገባ እግሯን ስታነሳ ረዳት ቀማሿ ጄሩቶ እጇን ዘረጋች።

«ይቅርታ፣ ማዳም። ሎሚ ያለበት ሳሙና ነው የተጠቀሙት፤ እዚያው ይቁሙልኝ። እዚህ ሳሙና አይገባም፣ ሽቶ አይገባም፣ ሽንኩርት የበላ አይገባም። ሻይ ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል።»

በመካከላቸው አሥር እርምጃ ይሆናል። ሲዮምቡዋ ሳሙናዋ ሎሚ እንዳለበት እራሷም አታውቅም ነበር።

«እሺ፣ ከዚህ ሆኜ ልጠይቅሽ። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የት ነበርሽ?»

«አዳራሹ ውስጥ፣ የተፈጨው ቅጠል የሚብላላበት አልጋ ጋ። በየሩብ ሰዓቱ አሸተዋለሁ። ማራገቢያው ከሥር ነው፤ አየሩ በቅጠሉ መሃል እያለፈ ፊቴ ላይ ይመታኛል።»

«ጎማ ሲቃጠል ሸተተሽ?»

ጄሩቶ ተጠራጠረች። «አልሸተተኝም። ግን ቶኑይ ቺንጋውን አሳይቷል አይደል? ልብ አላልኩት ይሆናል።»

«ቶኑይ ከቴሬር ጋር እንዴት ነበር?»

«ቼላጋት የምትባል ልጅ አለች። ባለፈው ወር የመፍጫው ማሽን ሦስት ጣቷን ቆረጣት። የማሽኑን መከለያ ቶኑይ ነው ያስነሳው፣ ሥራው እንዲፈጥን። አለቃ መጀመሪያ ‹ልጅቷ ናት ያልተጠነቀቀችው› ብሎ ነበር። ትላንት ሆስፒታል ሄዶ አያት። ዛሬ ሲገባ ፊቱ ሌላ ነበር።» ከዚያም ጨመረችበት፤ «ምዜ ማሪቲም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቶኑይን ሰላም አይሉም።»

ጠረጴዛው ላይ ሃያ አራት ነጫጭ ስኒዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ፊት ቅጠሉ ተቀምጧል። ቀማሽ ከግራ ይጀምራል፤ በማንኪያ ይስባል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልላል፣ ይተፋል፣ ያልፋል። በእኛ አገር ሕፃን እንኳ ይህን ያውቃል። እዚህ ግን ከግራ ያሉት አሥሩ ስኒዎች እስከ አፋቸው ሙሉ ናቸው፤ ማንኪያ አልነካቸውም። ከአሥራ አንደኛው እስከ መጨረሻው ያሉት ተቀምሰዋል።

«ማን ነው የቀመሰው?»

«ምዜው።»

«ለምን ከመሃል ጀመሩ?»

«እኔ እንጃ» አለች ጄሩቶ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መልሳ። ውሸት እንዳልለመደች ያስታውቃል። ሲዮምቡዋ ልትጫናት ትችል ነበር፤ ግን ደክሟት ነበር፣ ደግሞም ልጅቷ የምትደብቀው ክፉ ነገር አልመሰላትም። የውጤት ወረቀቱን ብቻ ጠየቀች። በወረቀቱ ላይ የተሞሉት ከአንድ እስከ አሥራ አራት ያሉት መስመሮች ናቸው።

«ዛሬ በዚያ ሰዓት የተብላላው ሻይ ተሸጠ?» አለች ከበሩ ዞር ስትል።

«አይ፣ ደርቆ ተቀምጧል።»

«እንዳይነካ። ለብቻው ቆልፊልኝ።»

ማሪቲም ማክሰኞን ሙሉ አልተናገረም። ረቡዕ ኦቦንዮ፣ «ማዳም፣ ነገ ፍርድ ቤት እናቅርበው፤ ዝምታው ራሱ ቃል ነው» አለ። ሲዮምቡዋ ወንበር ይዛ ሽማግሌው ወዳለበት ክፍል ገባች። ቀጭን ሰው ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ደግሞ ቀጥኗል።

«ሰው አልገደልኩም» አለ ሳትጠይቀው። «ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ይተዉኝ።»

ተነስታ መብራቱን አጠፋች። ከትንሿ መስኮት የሚገባው የዝናብ ብርሃን ብቻ ቀረ። የሽማግሌው ትከሻ ረገብ ሲል አየች።

«ምዜ፣ በግድያ ሊከሰሱ ነው። ዕድሜዎን እዚያው ይጨርሳሉ። ሰኞ ከቅምሻው በኋላ ምን ሆነ?»

«ጎማ ሸተተኝ» አለ። «ሲቃጠል። የቴሬርን በር ከፍቼ፣ ‹ጎማ እየተቃጠለ ነው፤ አይሸትህም?› አልኩት።»

«እሱስ?»

«‹ምንም አይሸትም። ደግሞ እያወራን እኮ ነው፤ አይታይዎትም?› አለኝ። አሾፈብኝ።»

«ማሾፉን በምን አወቁ?»

«ብቻውን ነበራ! ከማን ጋር ነው የሚያወራው? ስለ ዓይኔ የሰማው ነገር አለ ብዬ ደነገጥኩ። ዘግቼለት ቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄድኩ።»

«ስለ ጎማው ለሌላ ሰው ነገሩ?»

«ለማንም። ራሴ ሊፈነዳ ነበር፣ ለማን ልናገር? ዛሬ ላንቺ ነው… ለእርስዎ ነው የምናገረው።»

«ስንት ስኒ ቀመሱ?»

«ሃያ አራቱንም።»

ሲዮምቡዋ ፊቱን አየች። አልዋሸም። «ምዜ፣ አሥሩን አልነኳቸውም» አለች ቀስ ብላ። «በግራ ያሉትን።»

ሽማግሌው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተከታትሎ ወጣ። ሕመሙ ከጀመረው ሰባት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ የዓይኑ ጥግ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ብርሃን ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ግራው ይጠፋል፤ ጨለማ እንኳ አይሆንም፣ ዝም ብሎ የለም። የሰው ፊት ግማሽ ይሆንበታል። ከንፈሩና የጣቶቹ ጫፍ ይደነዝዛሉ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ሽታው መጣ፤ አንድ ቀን ጭስ፣ አንድ ቀን ጎማ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሁሉም ይሄድና ራስ ምታቱ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ብርሃን ጠላቱ ነው።

«ለሐኪም አልነገሩም?»

«ለሐኪም ብነግር ለፋብሪካው ነው የምነግረው። የሌለ ነገር የሚሸተው ቀማሽ ምን ያደርጋል? ሰው እኮ እኔን የሚያውቀው በዚህ ነው» አለና አፍንጫውን ነካ። «ገዳይ ይበሉኝ እንጂ አፍንጫው ይዋሻል እንዳይሉኝ። አይጻፉት፣ እለምንዎታለሁ።»

ሲዮምቡዋ በጨለማው ውስጥ ጉልበቷን እያሸች ተቀመጠች። «እህቴ ንዲንዳ ፀጉር ይሸታት ነበር» አለች። «ፀጉር ሲቃጠል። እናታችን ቤቱን ሁሉ ስትበረብር ትውልና፣ ልክ ሽታው ሲጠፋ ልጅቷ በራስ ምታት ትወድቃለች።»

ማሪቲም እጁን ከፊቱ አወረደ። «ሌላም ሰው አለ እንዴ?»

«አለ። ብዙ ሰው አለ። ዛሬ ማታ ሐኪም እልክልዎታለሁ። እኔ ግን በርስዎ ፋንታ አልናገርም። መነገር ካለበት ራስዎ ይናገሩታል።»

ከክፍሉ ስትወጣ ኦቦንዮን የቶኑይን ቃል አምጣ አለችው። ከታች የተጻፈውን ቀንና ሰዓት ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ሰኞ፣ አምስት ሰዓት።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሁሉም ቅምሻው ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ማማ ራኤል ውኃ አፍልታለች። ጄሩቶ ጠረጴዛው አጠገብ፣ ቶኑይ በሩ ጋ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ኦቦንዮ ማሪቲምን ክንዱን ይዞ አስገባው። ሲዮምቡዋ ያን ቀን በሳሙና አልታጠበችም። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስኒዎች ብቻ ነበሩ።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለች። «ሁላችንም ደክሞናል። ይህ ሻይ ሰኞ ከሦስት ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት አልጋው ላይ የነበረው ነው። ጄሩቶ፣ ቅመሺ።»

ጄሩቶ ማንኪያውን አነሳች፣ ሳበች፣ ተፋች። ሦስቱንም። «ንጹህ ነው» አለች።

«ቶኑይ፣ ከሥር ቺንጋ ሲጨስ ነበር ብለሃል። የዚያ ማራገቢያ አየር በዚህ ሻይ መሃል ነው ያለፈው። ሻዩ ግን ምንም አልሸተተውም።»

«እሷን ነው የምታምኚው?» ቶኑይ ሳቀ። «ትላንት የመጣች ረዳት ናት! ጎማ እንደነበረ ምዜ ማሪቲም ያውቃሉ። እሳቸው ይቅመሱት! እሳቸው ካሉ እኔ እቀበላለሁ።»

ማሪቲም ወደ ጠረጴዛው ቀረበ፤ ኦቦንዮ ክንዱን ለቀቀው። «ጎማ አለበት» ቢል ሰኞ የሸተተው እውነት ይሆናል፤ አፍንጫውም ስሙም እንደነበረ ይቀጥላል። «ንጹህ ነው» ካለ የሠላሳ አራት ዓመት ስሙን በገዛ አፉ ሊያፈርስ ነው። ሲዮምቡዋ አላየችውም፤ መስኮቱን ነበር የምታየው። ሽማግሌው ማንኪያውን አነሳ። ሳበ። ከሁልጊዜው የበለጠ አፉ ውስጥ አቆየው። ተፋ።

«ንጹህ ነው» አለ። «ጎማ የለበትም። ሰኞ የሸተተኝ ሽታ እዚህ ውስጥ ነው» ብሎ ግንባሩን በጣቱ ነካ። «በሽታ ነው። ራስ ምታቴ ከመምጣቱ በፊት የሌለ ይሸተኛል፣ ያለው ደግሞ አይታየኝም። ሰባት ዓመቴ ነው። ደብቄያችሁ ነበር።»

ማማ ራኤል «እኔን!» አለች። ጄሩቶ አቀረቀረች።

«ማይግሬን ይባላል» አለች ሲዮምቡዋ። «ሐኪሙ ትላንት መርምሯቸዋል። እንግዲህ ስሙ። ሰኞ እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ጎማ አልተቃጠለም። ሽታው የነበረው አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ታዲያ ቶኑይ፣ አንተን እንዴት ሸተተህ?»

«ሰው ሲያወራ ሰምቼ ይሆናል…»

«ከማን? ምዜው ስለ ጎማው የተናገሩት አንድ ጊዜ፣ አንድ ቦታ፣ የቴሬር በር ላይ ቆመው ነው። ከዚያ መጋዘን ገብተው ቆለፉ፤ ከዚያ ጣቢያ ገብተው እስከ ረቡዕ አፋቸውን አልከፈቱም። አንተ የፈረምከው ሰኞ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ያንን ቃል ሊሰማ የሚችለው ቢሮው ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ነው።»

«ማሪቲም ራሱ ቴሬር ብቻውን ነበር ይል የለም እንዴ?» አለ ኦቦንዮ ግራ ገብቶት።

«ይላሉ። ግን ቴሬር ምን አላቸው? ‹እያወራን እኮ ነው፤ አይታይዎትም?› ምዜው ቀልድ መሰላቸው። ቀልድ አልነበረም። ስኒዎቹን ተመልከቱ። በግራ ያሉት አሥሩ አልተነኩም፤ የአሥራ አንደኛው ውጤት ደግሞ አንደኛው መስመር ላይ ነው የተጻፈው። ጄሩቶ፣ ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት» አለች ጄሩቶ በቀጭን ድምፅ። «አንደኛው መስመር ላይ የጻፉት የአሥራ አንደኛውን ነው።»

«ስለዚህ አልዘለሏቸውም፤ አላዩዋቸውም። በዚያ ሰዓት ግራ የሚባል ነገር ለሳቸው አልነበረም። በሩን ሲከፍቱ ቁም ሣጥኑ በግራ ነው። ቶኑይ እዚያ ቆሞ ነበር።»

«ውሸት ነው!»

«ቴሬር ስለ ቼላጋት ጣቶች እውነቱን እየጻፈ ነበር። መከለያውን ማን እንዳስነሳው። አንተ ወረቀቱን ተው አልከው፣ እምቢ አለህ። ምዜው በሩን ዘግተው እንደሄዱ መታኸው፤ ወረቀቱን ወሰድክ፣ በጓሮ ወጥተህ ታጠብክ፣ ማማ ራኤልም አየችህ። ምክንያት ያስፈልግህ ነበር። ‹ጎማ› ሲሉ ሰምተሃል፤ ማሪቲም ሸተተኝ ካለ ሸቷል ነው፣ ማን ይጠራጠራል? አንተም አልተጠራጠርክም። አሮጌ ቺንጋ አምጥተህ አሳረርክ፣ ግን በክብሪት ዳር ዳሩን ብቻ። ወደ ማራገቢያው ክፍል ወርደህ ብታሸት ኖሮ ምንም እንደሌለ ታውቅ ነበር። ከራስህ አፍንጫ ይልቅ የሳቸውን አመንክ።»

ቶኑይ ወደ ማሪቲም ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ አልነበረም፤ ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ድካም ነበር።

«እንዴት አላየኸኝም?» አለ ድምፁ ተሰብሮ። «ፊትህ ነበርኩ እኮ! ሰላም ስለማትለኝ ነው የዘጋኸኝ ብዬ… አይቶኛል፣ ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ…» አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ራሱን ሰማው።

ኦቦንዮ ካቴናውን አወጣ። ቶኑይ ሲያልፍ ማማ ራኤል ቀሚሷን ሰብስባ ዞር አለችለት።

«በምን አወቁ፣ ማዳም?» አለ ኦቦንዮ ከበሩ። «ቺንጋው ነበረ፣ ሁለት ሰው ሸተተን ብሏል። እኔማ አምኜ ነበር።»

«እኔ ሰባት ዓመቴ ሆኖ እህቴ ፀጉር ይሸተኛል ስትል ‹እኔንም ሸቶኛል› ብያለሁ» አለች ሲዮምቡዋ። «ምንም አልሸተተኝም ነበር። ስለዚህ ይህን ውሸት አውቀዋለሁ።»

ጄሩቶና ማሪቲም ጠረጴዛው ጋ ቀሩ። «የዋናው ቀማሽ ወንበር ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው» አላት ሽማግሌው።

«እኔ አውቅ ነበር፣ ምዜ። ሁለት ዓመት ሆኖኛል። እርስዎ ሲወጡ የተዉትን እቀምስ ነበር።»

«እና የጣልኳቸው ሦስቱስ?»

«ሁለቱ ደህና ነበሩ። ሦስተኛው ግን የእውነት ጭስ ነበረበት፤ አለቃ ነው የተሳሳተው።» አንዲት ወንበር ስባ ከራሷ አጠገብ አስቀመጠች። «ከቀኝ ያሉትን እርስዎ፣ ከግራ ያሉትን እኔ።»

ማሪቲም ሊስቅ ፈልጎ እንባው ቀደመው። አልተቀመጠም፤ ኢንስፔክተሯን ተከትሎ እስከ መኪናዋ በዝናብ መጣ።

«እህትሽ አሁን የት ናት?» አላት። አንቺ ማለቱን ሁለቱም ልብ አላሉትም።

«ኪቱይ። እኔም ሸቶኛል ስል እናቴ ቤቱ መንፈስ ገብቶበታል ብላ አመነች። አንድ ልጅ ቢሆን በሽታ ነው፤ ሁለት ሲሆን መንፈስ ነው። ንዲንዳን ከትምህርት ቤት አውጥታ አክስታችን ጋ ሰደደቻት። እዚያው አገባች፣ እዚያው አረጀች። በዓመት አንዴ እንደዋወላለን። ያንን ነገር አንስተነው አናውቅም።»

«አንሺው» አለ ማሪቲም። «እኔ ሰባት ዓመት ዝም ብዬ ምን እንዳተረፍኩ አይተሻል።»

መኪናው ውስጥ ገብታ ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ለእህቷ ደወለች። ንዲንዳ እስክታነሳ ስምንት ጊዜ ጠራ።

«ማን ሞተ?» አለች ንዲንዳ።

«ማንም። ንዲንዳ፣ ያኔ ልጅ ሆነን፣ የፀጉሩ ነገር… እኔ አልሸተተኝም ነበር። ዋሽቼ ነው። ባልዋሽ ኖሮ አይሰዱሽም ነበር።»

በስልኩ ውስጥ የዶሮ ድምፅና የእህቷ ትንፋሽ ይሰማል።

«አውቄ ነበር» አለች ንዲንዳ። «ያኔውኑ። አፍንጫሽን በተሳሳተ በኩል ነበር የምታዞሪው። ግን ያን ቀን እስኪመሽ ድረስ ብቻዬን አልነበርኩም፣ ሲዮምቡዋ። እሱን ነው የማስታውሰው።»

ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርዳል።

«አሁንም ይሸትሻል?» አለች ሲዮምቡዋ።

«ዛሬ ጠዋት ሸቶኝ ነበር። ያው ፀጉር።»

«እኔ አይሸተኝም» አለች ሲዮምቡዋ። «ግን ቅዳሜ እመጣለሁ። እስኪያልፍልሽ አጠገብሽ እቀመጣለሁ።»

«ሳሙና ይዘሽልኝ ነይ» አለች ንዲንዳ፣ «ያቺ ከልጅነታችን ጀምሮ የማትለውጫትን፣ ሎሚ ያለባትን።»